ስለ ቅራሪ

የታሪክ መጻሕፍት ስለ ጠጅ ብዙ ይናገራሉ። ንጉሡ ግብር ሲያበላ ጠጁ በምን ያህል ጋን እንደ ተቀዳ፣ መኳንንቱ በምን ዓይነት ብርሌ እንደ ጠጡ፣ ጠጅ መጣልም የማን ማዕርግ እንደ ነበረ በብዙ ቦታ ተጽፎ ይገኛል። ስለ ጠላም ቢሆን አልፎ አልፎ አይታጣም። ስለ ቅራሪ ግን አስቦ የጻፈ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ጸሐፊ የሚጠራው ለግብር ነው፤ ለግብር ለተጠራ እንግዳ ደግሞ ቅራሪ አይቀዳለትም።

ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፤ ከእናንተ መካከል በከተማ ያደጋችሁት ቅራሪ ምን እንደ ሆነ ላታውቁ ትችላላችሁ። ቅራሪ ማለት ዋናው ጠላ ተቀድቶ ካለቀ በኋላ፣ በጋኑ ውስጥ በቀረው ድፍድፍ ላይ ዳግመኛ ውኃ ተጨምሮ የሚገኘው ቀጭን መጠጥ ነው። አያሰክርም ለማለት ባይቻልም፣ ሰው ሊሰክርበት ቢፈልግ ከስካሩ በፊት ሆዱ ይሞላል። በዚህ ምክንያት የድሀ መጠጥ ተብሎ ይናቃል። እኔ ግን የፎገራ ሜዳ ሕዝብ ለብዙ ዘመን የሠራውና ጥሙን የቆረጠው ከጠጅና ከጠላ ይልቅ በዚህ በተናቀው መጠጥ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም። ጠላ ለበዓል፣ ለማኅበር፣ ለሠርግና ለተዝካር ነው። በነዚህ መካከል ላለው ቀን ሁሉ የነበረው ቅራሪ ነው፤ የሰው ዕድሜም አብዛኛው በበዓላት መካከል ያልፋል።

ፎገራ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ የተዘረጋ ሜዳ ነው። ርብና ጉማራ የሚባሉት ወንዞች ከደጋው ወርደው በመካከሉ ያልፉና ወደ ሐይቁ ይገባሉ፤ በክረምትም ሞልተው ሜዳውን ያጥለቀልቁታል። አፈሩ መረሬ ነው፤ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በክረምት እግር ይይዛል። ወረታ ከተማ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄደው መንገድ ወደ ደብረ ታቦር ከሚወጣው መንገድ ጋር በሚለያይበት ላይ ናት። በዚህ አገር በነሐሴና በመስከረም ከወንዝ የሚቀዳውን ውኃ ያየ ሰው፣ ሕዝቡ ውኃን እንዲሁ ከመጠጣት ይልቅ አስቀድሞ በጋን ውስጥ ማሳለፍን ለምን እንደ መረጠ ለመረዳት አይቸገርም።

አሁን ሥራውን ልንገራችሁ፤ ታሪኩ ያለው በሥራው ውስጥ ነውና።

አስቀድሞ ብቅሉ ይሰናዳል። ገብስ ወይም ዳጉሳ ወይም በቆሎ በውኃ ተነክሮ ያድራል፤ ውኃው ይንጠፈጠፍና እህሉ በሰፋፊ ቅጠል ይሸፈናል፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ጭራ ያወጣል፤ ያን ጊዜ በፀሐይ ደርቆ ይፈጫል። የዘመናችን ሊቃውንት እህል ሲበቅል በውስጡ ያለውን ስታርች ወደ ስኳር የሚለውጥ ኢንዛይም የሚባል ነገር ያበጃል ብለው ያስተምራሉ። እናቶቻችን ስሙን ሳያውቁ ሥራውን ያውቁ ነበር፤ ጭራው ካጠረ ብቅሉ ሰነፍ ነው፣ ከረዘመም ኃይሉን ጨርሷል ይላሉ።

ወዲያውም ጌሾ ደርቆ ይወቀጣል። ገንቦው በግራዋ ቅጠል ተፈትጎ ይታጠብና በወይራ ጭስ ይታጠናል። ጭሱ ለመዓዛ ብቻ አይደለም፤ በሸክላው ውስጥ የተደበቀውን ተሐዋስያን ስለሚቀንስ ጠላው ቶሎ እንዳይበላሽ ይረዳል። የተወቀጠው ጌሾ በውኃ ተዘፍዝፎ ሁለት ሦስት ቀን ከቆየ በኋላ ብቅሉና የተቆራረሰ ቂጣ ይገባበታል፤ ይህም ጥንስስ ይባላል። እርሾ ተብሎ ለብቻው የሚጨመር ነገር የለም፤ ከቅጠሉ፣ ከእህሉና ከገንቦው ራሱ ይመጣል። ጥንስሱ መፍላት ሲጀምር እንኩሮው፣ ማለት እህሉ ተቆልቶ ከተፈጨ በኋላ በውኃ ታሽቶ በምጣድ ላይ የታመሰው ዱቄት፣ ይጨመርበትና ወፍራም ድፍድፍ ይሆናል። ድፍድፉ አፉ ታሽጎ አንድ ሳምንት ያህል፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ይሰነብታል። በመጨረሻ በውኃ ይበጠበጣል፤ ሲጠልም ይቀዳል።

የጌሾው ነገር ሊደነቅ የሚገባው ነው። ፈረንጆች ቢራቸውን የሚያመርሩት ሆፕ በሚባል ተክል አበባ ነው። የእኛ ሰዎች ከፈረንጆች ሳይማሩ፣ በደጃቸው ካለው ቁጥቋጦ ይህንኑ ሥራ የሚሠራ ቅጠል አገኙ። ጌሾው መጠጡን ያመረዋል፤ ጠላውን የሚያበላሹትንም ብዙዎቹን ረቂቃን ነፍሳት ያግዳቸዋል። የመጀመሪያዋ ሴት ስንት ቅጠል ቀምሳ፣ ስንት ጋን አበላሽታ እዚህ እንደ ደረሰች የጻፈልን የለም። «ሙያ በልብ ነው» ይባላል፤ እውነት ነው፤ ዳሩ ግን በልብ ያለ ሙያ ባለቤቱ ስትሞት አብሮ ይቀበራል፤ ልጇ ከአጠገቧ ተቀምጣ ያየች እንደ ሆነ ብቻ ይተርፋል።

ጠላው ሲቀዳ የመጀመሪያው ለእንግዳ፣ ለካህን፣ ለሽማግሌና ለአባወራ ነው። ከዚያ በጋኑ በቀረው ላይ ውኃ ይጨመርና ቅራሪው ይወጣል፤ ይህን እመቤቲቱ ራሷ፣ አራሹ፣ እረኛውና ልጆቹ ይጠጡታል። እርሻ ላይ ላለ ሰው በቅል ተሞልቶ ይላክለታል። ቅራሪው ካለቀ በኋላ የቀረው አተላ ለላም ይሰጣል፤ የፎገራ ላም በወተቷ የታወቀች እንደ መሆኗ አተላውም አልከሰረም። ከአንድ ጋን ሦስት ዓይነት ጥቅም ወጣ ማለት ነው። እኔ በኢኮኖሚ ትምህርት ብዙ መጻሕፍት አንብቤአለሁ፤ ከዚህ የተሻለ የቁጠባ ምሳሌ ግን አላገኘሁም።

ይህ መጠጥ ከየት ዘመን ጀመረ ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ለጠላው መልስ አለ። በአክሱም በንጉሥ ኢዛና ዘመን፣ በ4ኛው መቶ ዓመት የተቀረጸው ድንጋይ፣ ንጉሡ ያሸነፋቸውን የቤጃ ስድስት አለቆች ከሕዝባቸው ጋር ወደ ሌላ አገር ሲያዛውራቸው በመንገድ እንጀራና ሥጋ እንዳበላቸው፣ ጠላና ወይን እንዳጠጣቸው ይናገራል። ጽሑፉ በግሪክም በግዕዝም ስለ ሆነ የመጠጡ ዓይነት አያጠራጥርም፤ በግዕዝ «ስዋ» የሚባለውን ትግርኛ ዛሬም በዚያው ስሙ ይጠራዋል። እንግዲህ አስቡት፤ ጉዞው የወራት ጉዞ ነበር፤ ተጓዡም በሺህ የሚቈጠር ነው። ያን ሁሉ ጠላ የጠመቀ እጅ ነበረ፤ ድንጋዩ ግን የንጉሡን ስም እንጂ የጠማቂዎቹን አልያዘም።

ስለ እኛ አውራጃ ደግሞ እስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ምስክር አለው። ይህ ሰው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1770 ዓ.ም. ጎንደር ገብቶ ነበር፤ በዚያው ዓመትም በእምፍራዝ በኩል አድርጎ፣ ርብንና ጉማራን ተሻግሮ ጢስ ዓባይን ለማየት ወርዷል። በ1790 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፉ ስለ ጤፍ ሲጽፍ፣ ሰዎቹ የጤፍ እንጀራን አድርቀውና ሰባብረው በማድጋ ውኃ ውስጥ ጨምረው እንደሚያስቀምጡ፣ ከቀናት በኋላም ኮምጠጥ ያለ መጠጥ እንደሚሆን፣ ይህም የአገሩ ተራ መጠጥ እንደ ሆነ ገልጧል። ስሙን ጠላ ብሎ አልጻፈውም፤ በሱዳንና በግብፅ እንደሚባለው «ቡዛ» ብሎታል። በቤተ መንግሥት ለብዙ ጊዜ ለተስተናገደ ሰው ተራውን መጠጥ ማስታወሱ የሚያስመሰግነው ነው።

ቀጭን መጠጥን ከወፍራሙ ቅሪት ማውጣት የእኛ ብቻ አለመሆኑንም ማወቅ ይጠቅማል። እንግሊዞች ጥንት ብቅሉን በሙቅ ውኃ አጥበው የመጀመሪያውን ብርቱ ቢራ ካወጡ በኋላ፣ በዚያው ብቅል ላይ ሁለተኛ ውኃ አፍስሰው «ትንሽ ቢራ» የሚሉትን ያወጡ ነበር፤ እርሱንም ሎሌውና ገረዷ፣ ልጆችም ሳይቀሩ በየቀኑ ይጠጡት ነበር። ይህ ከነሥራው ቅራሪ ነው። ሩሲያዎችም ከደረቀ ዳቦ ክቫስ የሚባል ቀጭን መጠጥ ያወጣሉ። ሁሉም የተነሡት ከአንድ ችግር ነው፤ እህሉ ጥቂት ነው፤ ሥራው ብዙ ነው፤ ውኃው አያስተማምንም።

እንግሊዞች ትንሹን ቢራ ቀስ በቀስ የተዉት ሻይ በየቤቱ ስለ ገባ ነው። በእኛ ዘንድ ግን ቡና በክርስቲያኑ ቤት የገባው ዘግይቶ ነው፤ እስከ 19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ድረስ ካህናቱ ቡናን የእስላም መጠጥ ነው ብለው ይከለክሉ ነበር። ስለዚህ ዛሬ በቀን ሦስት ጊዜ ቡና ካላፈላች ራሷን የሚያማት የበጌምድር ሴት፣ ቅድመ አያቷ ቡና ቀምሳ ላታውቅ ትችላለች። ጎረቤት ለወሬ ሲመጣ የሚቀርብለት በሽክና የተቀዳ ቅራሪ ነበር።

እዚህ ላይ ደስ የማያሰኘውንም የታሪክ ክፍል ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። በጌምድር ለብዙ ዘመን የጦር መንገድ ነበረ። በዘመነ መሳፍንት፣ ማለት በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1769 እስከ 1855 ዓ.ም.፣ የራሶቹ ጦር ደብረ ታቦርን መቀመጫው አድርጎ በዙሪያው ካለው አገር ይቀለብ ነበር። ወታደሩ በየገበሬው ቤት ይደለደላል፤ እንጀራውንና ጠላውን ያዛል፤ ያላቀረበ ገበሬ ይገረፋል። ዐፄ ቴዎድሮስ በመጀመሪያ ዘመናቸው ወታደሩ ሕዝቡን እንዳይዘርፍ ሊያደርጉ ሞከሩ፤ በመጨረሻው ዘመናቸው ግን ራሳቸው በጌምድርን አስዘረፉት። አገሪቱን ከዚህ ልማድ ለማላቀቅ ዐፄ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ዐሥራት እንዲከፈል ደነገጉ። ይህን ታሪክ በክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ አስተምሬአለሁ፤ ተማሪዎቼ የራሶቹን ስም በቃል ይዘው ሲወጡ፣ የወታደሩን ጠላ ማን ፈጨው ብሎ የጠየቀኝ አንድም አልነበረም። ወፍጮው የድንጋይ ነበር። ያንን የምትፈጭ ሴት ከዶሮ ጩኸት በፊት ተነሥታ በጉልበቷ ተንበርክካ መጁን ስትገፋ ትነጋለች። ከዚያ ሁሉ በኋላ የመጀመሪያው ጠላ ለማያውቁት ሰው ተቀድቶ ለቤተሰቡ ምን እንደ ቀረ ለመገመት አያስቸግርም።

አሁን ወደ ራሳችን ዘመን እንምጣ።

በድሮው ጊዜ የፎገራ ሜዳ ክረምት ሲመጣ ውኃ ስለሚተኛበት አብዛኛው ለከብት ግጦሽ ይተው ነበር፤ ውኃው ሲሸሽ በእርጥበቱ ላይ ጓያና ሽምብራ ይዘራበታል። ከፍ ያለው መሬት ዳጉሳ፣ ጤፍና ኑግ ያበቅላል። የጠላው እህል እንግዲህ ዳጉሳና በቆሎ፣ ከደጋው ሲገኝም ገብስ ነበረ። በ1970ዎቹ ዓ.ም. የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች መጥተው ጅግናና ሻጋ በሚባሉት የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሩዝ አስተከሉ። ኤክስ ጅግና የሚባለው የሩዝ ዘር ስሙን ያገኘው ከዚያው ቦታ ነው። ሩዙ ውኃ በተኛበት መሬት ላይ ሲያፈራ ገበሬው አየ፤ ከዓመት ወደ ዓመትም እየበዛ ሄዶ ሜዳውን ያዘው። ዛሬ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል የሚገኘውም በዚያው ነው። ግጦሹ ግን ጠበበ፤ የፎገራ ላም ቍጥርም ከዚህ የተነሣ ቀነሰ። የአንዱ መግባት ለሌላው መውጣት ምክንያት ሆነ።

ባለሙያዎቹ ያመጡት ዘሩንና የአተካከሉን ጥበብ ነው። የኮሪያ ሰው ሩዝን ቀቅሎ ይበላዋል፤ የፎገራ ሰው ግን እንጀራ የለመደ ነው። ሩዙን ከጤፍ ቀላቅለው እንጀራ ያደረጉት፣ ጠላም የጠመቁበት የወረታና የዙሪያዋ ሴቶች ናቸው፤ ለዚህ ያሠለጠናቸው ማንም አልነበረም። ነገሩ ቀላል አይምሰላችሁ። የጠላ መልክ የሚመጣው ከተቆላው እህልና ከእንኩሮው ነው፤ ሩዝ ደግሞ ነጭና መልከ ቢስ ነው። ስለዚህ አቆላሉን ማጥቈር፣ የዳጉሳ ወይም የገብስ ብቅል መቀላቀል፣ የጌሾውንም ልክ መለወጥ አስፈለገ። በአንድ ትውልድ ጊዜ ውስጥ፣ ከባዕድ አገር የመጣ እህል በሺህ ዓመት ጋን ውስጥ ገብቶ ጠላ ሆነ። ቅራሪውም አብሮ ወጣ። ይህ በቤተ ሙከራ ቢሠራ ኖሮ ሽልማት ያሰጥ ነበር።

ዳሩ ግን ያው ሩዝ አረቄም ይወጣበታል።

እኔ የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። በዚያ ቅራሪ የጠጣ ልጅና አረቄ የጠጣ ጎልማሳ በአንድ ስም ይወቀሱ ነበር፤ መጠጥ መጠጥ ነው ይሉን ነበር መምህራኑ። ብዙ መልካም ነገር ስላስተማሩኝ አመሰግናቸዋለሁ፤ በዚህ ነገር ግን አልስማማም። ጠላ በተለመደው አጠማመቅ ያለው የአልኮል መጠን ከመቶ እጅ ከ2 እስከ 4፣ ተጣርቶ ሲወፍርም እስከ 6 ቢሆን ነው፤ ቅራሪው ከዚህ ያነሰ ነው። አረቄ ግን በእሳት ተኖ ስለሚወጣ ከመቶ 30 እስከ 45 ይደርሳል። ይህን ያህል የሚራራቁትን ሁለት ነገሮች አንድ ስም ሰጥቶ ማውገዝ፣ ውግዘቱን የሚሰማው ወጣት ሁለቱን እንዳይለይ ያደርገዋል። ቀጭኑን ለነውር ሲተው የሚሄደው ወደ ውኃ ቢሆን መልካም ነበር፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚሄደው ወደ ብርቱው ነው።

ይህ በሌላውም ዓለም ታይቷል። በ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ለንደን ውስጥ ከእህል የሚነጠር ጂን የሚባል ብርቱ መጠጥ ረክሶ ስለ ተሸጠ ድሀው ሕዝብ ቢራውን ትቶ በጂን አለቀ። ዊልያም ሆጋርት የተባለ ሠዓሊ በ1751 ዓ.ም. ሁለት ሥዕሎች አሳትሞ አወጣ፤ በአንደኛው ቢራ የሚጠጡ ሠራተኞች ወፍረውና ደስ ብሏቸው ሲሠሩ ይታያሉ፤ በሁለተኛው ጂን ያሰከራት እናት ሕፃኗ ከእጇ ወድቆ ሲሞት አታይም። የእንግሊዝ ፓርላማም በዚያው ዓመት የጂን ሽያጭን የሚያጠብቅ ሕግ አወጣ። እኛ ሩዝ ሸጦ ገንዘብ የያዘ ወጣት በጠዋት አረቄ ቤት ተቀምጦ ስናይ ሥዕል አያስፈልገንም።

እንዲህ ስላልሁ ቅራሪን ከነውር ሁሉ ንጹሕ ነው እላለሁ ማለት አይደለም። በቅሪቱ ላይ የሚጨመረው ውኃ ጥሬ ነው። የመጠጡ ኮምጣጣነትና ጌሾው ብዙውን ተሐዋስያን ቢያደክምም ሁሉንም አያጠፋም። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን በሸፈኑት ጊዜ እንደ ሆነው፣ ጉድጓዱና ወንዙ ከቆሻሻ ጋር በተቀላቀለበት ሰዓት ጋን ማንንም አያድንም፤ ውኃውን አፍልቶና አቀዝቅዞ መጨመር ይገባል። ለሕፃንም መስጠት ልማድ ነበር እንጂ ጥቅም አልነበረውም፤ አሁን የተሻለ ስለምናውቅ መተው ያለብን ነገር ነው። ድካሙንም አንርሳ። በማስተማር ሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት የበዓል ሰሞን ከክፍል የሚጎድሉት ሴቶች ልጆች ነበሩ። ወንድማቸው መጽሐፉን ይዞ ይመጣል፤ እነርሱ ብቅል ያሰጣሉ፣ ጌሾ ይወቅጣሉ፣ እንጨት ይለቅማሉ። ወንዱ ልጅ ጌሾ ቢወቅጥ ክንዱ አይሰበርም ብዬ ለአባቶች ስናገር ይስቁብኝ ነበር። ዛሬም አቋሜ ያው ነው።

አሁን አሁን ወረታ ላይ ጠላ ቤት የሚያመለክተው በእንጨት ላይ የተሰካ ጣሳ ከቢራ ማስታወቂያ ሥር ተደብቋል። በአዲስ አበባ የጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ ከተቋቋመ ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በጎንደርም ዳሸን ከተሠራ ከ1992 ዓ.ም. ወዲህ፣ ጠርሙስ ወደ ገጠሩ ሠርግ ሳይቀር ገብቷል። በዚህ አልከፋም፤ ፋብሪካ ለሠራተኛ እንጀራ ነው፤ ለገብስ ገበሬም ገበያ ነው። ነገር ግን ከጠርሙስ ቅራሪ አይወጣም፤ አተላም አይገኝም። በጠላ ሽያጭ ልጆቿን ያሳደገችና ያስተማረች ብቸኛ ሴትም በየከተማው ብዙ ናት፤ የእርሷ ገበያ ሲወድቅ አንዳንዷ ወደ አረቄ ማውጣት ትዞራለች፤ አረቄ በትንሽ መለኪያ ብዙ ያስገኛልና።

ጋኑም ተለውጧል። ሸክላ ከባድ ነው፤ ይሰበራል፤ ዋጋውም ጨምሯል፤ ስለዚህ በወረታ ብዙ ቤት ጠላ የሚበጠበጠው በፕላስቲክ በርሜል ነው። ሆኖም እኔ በማውቀው አንድ ቤት በርሜሎቹ መካከል አንዲት ያረጀች፣ አንገቷ የተሸረፈ የሸክላ ገንቦ አለች። ጥንስሱ የሚጠነሰሰው በእርሷ ነው፤ ከዚያ በኋላ ወደ በርሜሉ ይገለበጣል። እመቤቲቱን፣ «እትዬ፣ ለምን ሁሉንም በአንዱ አያደርጉትም?» ብዬ ብጠይቃቸው የጠየቅሁት ነገር አስገረማቸው። «ፕላስቲክ ይታጠናል እንዴ፣ መምህር?» አሉና ወይራው የሚጨስበትን ገል ወደ ገንቦዋ አፍ አስጠጉ።